የቦኮላ ፊዚክስ፦ ያረጀ ላስቲክ የመኪናን መሪ ለምን ያንቀጠቅጣል?

የዶክትሬት ትምህርታችንን በጀርመን አገር እንከታተል በነበረበት ወቅት አንድ የቤተ ሙከራ ባልደረባችን ዕድሜዋ ከአሥር ዓመት ያለፈ፣ ባለሁለት በር ፈጣን መኪና ገዛ። መኪናዋ በከተማ ውስጥ ስትነዳ እንከን የሚባል ነገር አይታይባትም ነበር። በፈጣን መንገድ ላይ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እየተጓዘች ሳለ ፍሬን ሲያዝ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፍጥነቷ ወደ 100 ሲጠጋ መሪው በአሽከርካሪው እጅ ውስጥ ክፉኛ ይንቀጠቀጣል፤ ከ80 በታች ሲወርድ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ጸጥ ይላል። ባልደረባችን የፍሬን ዲስኮቹ ተበላሽተዋል ተብሎ ስለተነገረው አስቀየራቸው። መንቀጥቀጡም ጠፋ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ተመልሶ መጣ። ዲስኮቹን ለሁለተኛ ጊዜ አስቀየረ፤ መጨረሻው ያው ሆነ።

ከአንድ ተማሪ ኪስ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ያስወጣው ይህ ችግር ዋነኛ ምንጩ ዲስኩ አልነበረም። ምንጩ በመዳፍ ውስጥ የምትያዝ፣ ዋጋዋም ከዲስኮቹ ያነሰ አንዲት የላስቲክ ቁራጭ ነበረች። በዚህ ጽሑፍ ይህች ቁራጭ ምን እንደምትሠራ፣ ስታረጅ ምን እንደሚከተልና በምን አኳኋን መቀየር እንዳለባት ለመመልከት እንሞክራለን። ለሥራው የሚያስፈልገን ፊዚክስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከምንማረው ብዙም አይርቅም። ይሁን እንጂ እኛ ራሳችን ይህንኑ ፊዚክስ እያወቅን በተግባር ላይ ሳናውለው ቀርተን ስሕተት ሠርተናል፤ ስሕተቱንም በቦታው እንናገራለን።

ቦኮላ ምንድን ነው?

በአገራችን ጋራዦች ቦኮላ የሚባለው ዕቃ ስሙ፣ እንደ ሞላ፣ እንደ ቡሎንና እንደ ዳዶ ሁሉ፣ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። ቦኮላ በሁለት ተገናኝተው በሚንቀሳቀሱ ክፍሎች መካከል የሚገባ ቀለበት መሰል ዕቃ ነው። ከብረት የተሠራ ቦኮላ አለ፤ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን የላስቲክ ቦኮላን ነው። ይህም በአብዛኛው ከውጭ የብረት ቀለበት፣ በመሐል ጠንካራ እምብርት፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ወፍራም ላስቲክ ያለው ነው።

ለትንታኔያችን እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2006 የተመረተውንና ኢ46 በሚል መለያ የሚታወቀውን የቢኤምደብሊው ኤም3 መኪና እንውሰድ። ይህ መኪና 3.2 ሊትር የሆነ ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር ያለው ሲሆን፣ ሞተሩ በደቂቃ 7,900 ዙር ሲዞር 343 የፈረስ ጉልበት ያመነጫል። የፊት እግሩ የተሠራው አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን ባስተዋወቀው ስልት ነው። ይህ ስልት እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝ አገር በተመረተው ፎርድ ኮንሱል መኪና ላይ ከዋለ ወዲህ በመላው ዓለም ተስፋፍቷል። የባልደረባችን መኪናም የፊት እግሯ አሠራር ከዚሁ ጋር ተመሳሳይ ነበር።

በዚህ ስልት ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ በአንድነት ቆመው ጎማውን ከላይ ይይዙታል። ከታች የሚይዘው ደግሞ በጋራዥ ቋንቋ ብራቾ የሚባለው፣ እንደ ክርን የታጠፈው የብረት ክንድ ነው። የብራቾው አንደኛ ጫፍ ከጎማው ተሸካሚ ጋር ይገናኛል። የክርኑ መታጠፊያ አካባቢ በቦል ጆይንት አማካይነት ከመኪናው የፊት ተሸካሚ ብረት ጋር ይያያዛል። ወደ ኋላ የተዘረጋው ሌላኛው ጫፍ ደግሞ በላስቲክ ቦኮላው ውስጥ ይገባል፤ የቦኮላው ቤትም በሁለት ቡሎኖች ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል።

ብራቾውን በሁለት ማጠፊያ እንደተንጠለጠለ በር ብናስበው ነገሩ ግልጽ ይሆንልናል። ጎማው በጉድጓድና በጉብታ ላይ ከፍና ዝቅ ሲል በሩ ይከፈታል፤ ይዘጋል። ከማጠፊያዎቹ አንዱ ብረት ነው፤ ሁለተኛው ላስቲክ ነው። ሁለቱም ብረት ቢሆኑ ኖሮ ጎማው የረገጠውን ጠጠር ሁሉ መሪውና መቀመጫው ይነግሩን ነበር። አንደኛው ላስቲክ በመሆኑ ጎማው ከእንቅፋት ጋር ሲጋጭ ጥቂት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ግጭቱም ይለዝባል።

እንግዲህ ከዚህች ቦኮላ ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ ብራቾው ከፍና ዝቅ ሲል በቀላሉ መጠምዘዝ አለባት። ሁለተኛ፣ ጎማው ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲገፋ ከመጠን በላይ መሸሽ የለባትም። ሦስተኛ፣ የመጣባትን ንዝረት ማብረድ አለባት። እነዚህን ሦስት ተግባራት በአንድነት ለመፈጸም ላስቲክ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሞላም ዘይትም የሆነ ቁስ

እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ይፋ ያደረገው ሕግ እንደሚያስተምረን፣ አንድ ሞላ የሚመልሰው ኃይል ከርዝመት ለውጡ ጋር ተመጣጣኝ ነው። ይኸውም፦

ኃይል = ግትርነት × የርዝመት ለውጥ

ጥሩ የብረት ሞላ የሰጠነውን ጉልበት ከሞላ ጎደል መልሶ ይሰጠናል። በዚህም ምክንያት አንድ ጊዜ ከተነካ ለረጅም ጊዜ ይርገበገባል። ዝልግልግ ዘይት በበኩሉ ስንገፋው ይቋቋመናል፤ የወሰደውን ጉልበት ግን ወደ ሙቀት ለውጦ ያስቀረዋል እንጂ አይመልስም። ላስቲክ የሁለቱም ጠባይ አለው፤ ከፊሉን ይመልሳል፣ ከፊሉን ያስቀራል። ይህን በቤታችን ልናረጋግጥ እንችላለን። አንዲት የላስቲክ ኳስ ከ1 ሜትር ከፍታ ለቀናት 60 ሳንቲ ሜትር ብትነጥር፣ ከነበራት ጉልበት 40 በመቶው ወደ መጣችበት አልተመለሰም ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ወደ ሙቀት ተለውጧል።

የዚህ ጠባይ መነሻ የላስቲክ ውስጣዊ አወቃቀር ነው። ላስቲክ እርስ በርሳቸው እንደተጠላለፉ ክሮች ባሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች የተሞላ ነው። ከዛፍ የሚገኘው ጥሬ ላስቲክ በሙቀት ይጣበቃል፤ በብርድ ይደርቃል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድዪር እ.ኤ.አ. በ1839 ላስቲክን ከድኝ ጋር ማሞቅ ይህን ችግር እንደሚያስወግድ ደረሰበት። የድኝ አተሞች በሞለኪውሎቹ መካከል እንደ ድልድይ ስለሚሆኑ፣ ክሮቹ ሲሳቡ ተለያይተው አይቀሩም፤ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ላስቲኩን ለማጠንከር ደግሞ ጥቁር የካርቦን ዱቄት ይጨመርበታል። ክሮቹ እርስ በርስና ከካርቦኑ ጋር ሲፋተጉ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ንዝረትን የሚያበርደው ይኸው የውስጥ ፍትጊያ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ አወቃቀር ዘላለማዊ አይደለም። ኦክስጅንና ኦዞን ሞለኪውሎቹን ይበጥሳሉ። ከፍሬኑና ከሞተሩ የሚመጣ ሙቀት ይህን ያፋጥናል። የሚንጠባጠብ የሞተር ዘይት ላስቲኩን ያሳብጠዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ በየኪሎ ሜትሩ የሚደጋገመው መጠምዘዝ በገጹ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆችን ይፈጥራል፤ ስንጥቆቹም ውለው አድረው ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። የተቀደደ ላስቲክ ግትርነቱ ይቀንሳል፤ ንዝረት የማብረድ ችሎታውም ይዳከማል።

ፍሬን ሲያዝ ምን ይሆናል?

አሁን ወደ ቁጥሮች እንለፍ። መኪናው ከነአሽከርካሪው 1,600 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ፍሬን ሲያዝም ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ8 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል እንበል። በኒውተን ሁለተኛ ሕግ መሠረት መንገዱ በጎማዎቹ ላይ የሚያሳርፈው ጠቅላላ ኃይል 1,600 × 8 = 12,800 ኒውተን ይሆናል። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚያጋድል ከዚህ ኃይል 70 በመቶ ያህሉን የፊት ጎማዎች ይሸከሙታል ብንል፣ ለእያንዳንዱ የፊት ጎማ 4,500 ኒውተን ገደማ ይደርሰዋል። ይህ ዘጠኝ ባለ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢቶች አንድ ላይ ሲደረደሩ ከሚኖራቸው ክብደት ጋር ይቀራረባል።

ይህ ኃይል ጎማውን ወደ ኋላ ይገፋል። ብራቾው በብረቱ ማጠፊያ ዙሪያ ለመዞር ይሞክራል፤ እንዳይዞር የምትከለክለው ቦኮላዋ ናት። በጎማው ላይ ሲለካ የእግሩ ግትርነት፣ ማለትም ጎማውን በአንድ ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ለማሸሽ የሚያስፈልገው ኃይል፣ ቦኮላዋ ጤነኛ ስትሆን 600፣ ስታረጅ ደግሞ 300 ኒውተን ነው ብለን ለምሳሌ ያህል እንነሣ። ጤነኛዋ ጎማውን 7.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ኋላ እንዲሸሽ ትፈቅድለታለች። ያረጀችው፣ ላስቲኩ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ካልቆመ በስተቀር፣ 15 ሚሊ ሜትር ትለቅለታለች።

15 ሚሊ ሜትር ጥቂት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የጎማው የታችኛው መያዣ ወደ ኋላ ሲሸሽ የላይኛው በቦታው ስለሚቀር ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ዘመም ማለቱ ይቀንሳል። ይህ ዝመት ካስተር ይባላል፤ የብስክሌት የፊት ሹካ ወደ ኋላ ማዘንበሉ ለዚሁ ምሳሌ ነው። ካስተር መሪው በራሱ ወደ ቀጥታ እንዲመለስ የሚያደርግ ነው። በላይኛውና በታችኛው መያዣ መካከል 650 ሚሊ ሜትር ርቀት ቢኖር፣ 15 ሚሊ ሜትር መሸሽ ካስተሩን በ1.3 ዲግሪ ያህል ይቀንሰዋል። ግራና ቀኙ እኩል ካላረጁ ደግሞ መኪናው ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ አንድ ወገን ይስባል። አሽከርካሪው መኪናውን መቆጣጠር እጅግ በሚፈልግበት በዚያች ቅጽበት መኪናው የተሠራበትን ቅርጽ ያጣል ማለት ነው።

በ100 ኪሎ ሜትር ብቻ ለምን?

መሪው በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ መንቀጥቀጡ ለፊዚክስ ተማሪ ትልቅ ፍንጭ ነው። በሞላ ላይ ያለ ማንኛውም ቁስ ሲነካ የሚርገበገብበት የራሱ ድግግሞሽ አለው፦

ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ = የ(ግትርነት ÷ መጠነ ቁስ) ዳግም ዘር ÷ 6.28

ከውጭ የሚመጣው ግፊት ድግግሞሹ ከዚህ ጋር ሲገጥም ንዝረቱ እጅግ ይጎላል። ይህ ሬዞናንስ ይባላል። ዥዋዥዌ የሚጫወት ሕፃንን በትክክለኛው ጊዜ እየደጋገምን በጣታችን ብንገፋው ከፍ ብሎ እንደሚወጣ ሁሉ፣ እዚህም ትናንሽ ግፊቶች ተደማምረው ትልቅ ንዝረት ይፈጥራሉ።

በመኪናችን ላይ ገፊው የፍሬን ዲስኩ ነው። በአገልግሎት ላይ የዋለ ዲስክ ውፍረቱ በሁሉም ቦታ ፍጹም እኩል አይሆንም፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት ያነሰ ልዩነት ይኖረዋል። ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ወፍራሙ ክፍል በፍሬን ሸራዎቹ መካከል ሲያልፍ የፍሬኑ ኃይል ጥቂት ይጨምራል። የኤም3 የፊት ጎማ ዙሪያው 2 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 27.8 ሜትር ሲጓዝ ጎማው በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል። ስለዚህ የግፊቱ ድግግሞሽ 14 ሄርዝ ገደማ ነው።

የጎማው፣ የዲስኩና የተሸካሚው መጠነ ቁስ በድምሩ 40 ኪሎ ግራም ነው እንበል። ግትርነቱ በሚሊ ሜትር 600 ኒውተን፣ ማለትም በሜትር 600,000 ኒውተን ሲሆን፣ ተፈጥሯዊ ድግግሞሹ 19.5 ሄርዝ ይሆናል። ይህም ከ140 ኪሎ ሜትር በሰዓት ጋር ይገጥማል። ግትርነቱ በግማሽ ሲቀንስ ድግግሞሹ ወደ 13.8 ሄርዝ ይወርዳል፤ ይህም ከ99 ኪሎ ሜትር በሰዓት ጋር ይገጥማል። የባልደረባችን መሪ በ100 አካባቢ ሲንቀጠቀጥ የነበረው በዚህ ዓይነቱ ምክንያት ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ቢሆኑም የሚያሳዩት መንገድ ትክክለኛ ነው፦ ላስቲኩ ሲለሰልስ ሬዞናንሱ መኪናው በየዕለቱ ወደሚነዳበት ፍጥነት ይወርዳል።

በዚህ ላይ የማብረድ ችሎታ መቀነስ ይጨመርበታል። በሬዞናንስ ላይ ንዝረቱ የሚጎላበት መጠን በግምት እንዲህ ይሰላል፦

ማጉያ = 1 ÷ (2 × የማብረድ ምጣኔ)

የማብረድ ምጣኔው 0.10 ሲሆን ንዝረቱ 5 እጥፍ ይጎላል፤ ወደ 0.05 ሲወርድ ግን 10 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ባልደረባችን ዲስኩን ሲቀይር ያደረገው ገፊውን ማዳከም ነበር። የሚጎላውን አልነካውም። አዲሱም ዲስክ ከጊዜ በኋላ ያችኑ ጥቂት የውፍረት ልዩነት ሲያመጣ ንዝረቱ ተመልሶ መጣ። ጤነኛ ቦኮላ ባለው መኪና ላይ ግን ያው ልዩነት ላይሰማ ይችላል።

እርጅናን እንዴት እንለያለን?

ንዝረቱ ፍሬን ሳይያዝም ካለ አስቀድሞ የጎማው ሚዛን ሊታይ ይገባል። ፍሬን ሲያዝና በተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ ከመጣ ግን ቦኮላዋ ትጠረጠራለች። በዝግታ ወደ ኋላ እየነዱ በድንገት ፍሬን ሲያዝ የሚሰማ የመጋጨት ድምፅ ሌላው ምልክት ነው። መኪናው በቀጥታ መንገድ ላይ ግራና ቀኝ ማለቱም እንዲሁ። ከሥር ሲታይ ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ ወይም ከብረቱ ተላቅቆ ሊገኝ ይችላል። በውስጣቸው ፈሳሽ የያዙ ቦኮላዎች ደግሞ አሉ፤ በእነዚህ ላይ የፈሰሰ እርጥበት መታየቱ ማለቃቸውን ያመለክታል። በብረት መፈንቀያ ብራቾውን ቀስ ብሎ ወደ ጎን መግፋትም ልቅነቱን ያሳያል።

አቀያየሩ

ሥራው በቅደም ተከተል ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል። ዝርዝሩና የቡሎኖቹ ማጥበቂያ ልክ ከአምራቹ የጥገና መጽሐፍ መወሰድ አለበት።

1. መኪናው በደልዳላ ቦታ ላይ በክሪክ ይነሣና በብረት መደገፊያዎች ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

2. ጎማው ይወጣል። አሮጌዋ ቦኮላ በቤቷ ውስጥ በየትኛው አቅጣጫ እንደገባች ምልክት ይደረጋል። በላስቲኩ ውስጥ ክፍተቶች ሊኖሩ ስለሚችሉ ግትርነቷ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ዞራ ከገባች ሥራዋን አትሠራም።

3. የቦኮላው ቤት ሁለት ቡሎኖች ይፈታሉ፤ ቤቱም ከብራቾው ጫፍ በመጎተቻ መሣሪያ ይወጣል። የብራቾው ጫፍ ከዝገት ይጸዳል።

4. አዲሷ ቦኮላ በፕሬስ ወደ ቤቷ ትገባለች። ከዚያም አምራቹ የሚያዝዘው ቅባት ተቀብቶ ብራቾው ላይ ትገፋለች። የሞተር ዘይት ወይም ግራሶ መጠቀም አይገባም፤ ላስቲኩን ይጎዳልና።

5. ቅባቱ ሳይደርቅ መኪናው ወዲያውኑ በጎማዎቹ ላይ እንዲቆም ይደረጋል። ቡሎኖቹም በልካቸው ይጠብቃሉ።

6. ሌላኛው ወገን በተመሳሳይ ሁኔታ ይቀየራል፤ አንዱን ብቻ መቀየር ግራና ቀኙን ያበላልጣል። በመጨረሻም የጎማዎቹ አላይመንት ይስተካከላል።

የእኛ ስሕተት

እኛና ባልደረባችን አንድ ቅዳሜ ቦታና መሣሪያ በሰዓት ወደሚያከራይ ጋራዥ ሄደን ሥራውን በገዛ እጃችን ሠራነው። ከ1 እስከ 4 ያለውን በጥንቃቄ ፈጸምን። አምስተኛውን ግን አላከበርንም። መኪናዋ በአየር ላይ፣ እግሮቿ ተንጠልጥለው ሳለ ሁሉንም አጥብቀን ምሳችንን በላን። ከሰዓት በኋላ አውርደን ነዳናት። መንቀጥቀጡ ጠፍቷል! በፊዚክስ ዕውቀታችን እጅግ ተደሰትን።

ዓመት ሳይሞላ አንደኛዋ ቦኮላ ተቀደደች። ወደዚያው ጋራዥ ስንመለስ አንድ አዛውንት መካኒክ የተቀደደውን ላስቲክ አገላብጠው ካዩ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ «ላስቲኩ ብረቱን ሲይዝ መኪናዋ በእግሯ ቆማ ነበር ወይስ ተንጠልጥላ?» «ተንጠልጥላ» አልናቸው። አዛውንቱ መልስ አልሰጡንም፤ በአጠገባቸው የነበረውን መወልወያ ጨርቅ አንሥተው በሁለት እጃቸው ጠምዝዘው አሳዩን።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በዚህ ዓይነት መኪና የብራቾው ጫፍ ስድስት ጎን ያለው ነው፤ ቅባቱ ሲደርቅ ላስቲኩ አጥብቆ ይይዘዋል። በሌሎች መኪኖች ላይ ደግሞ የቦኮላዋን እምብርት ቡሎን ያስረዋል። በሁለቱም ሁኔታ ላስቲኩ ብረቱን በያዘበት ቅጽበት ያለው ማእዘን ዜሮ ሆኖ ይመዘገባል። ከዚያ ወዲያ ላስቲኩ አይንሸራተትም፤ ይጠመዘዛል እንጂ።

እግሩ ተንጠልጥሎ በነበረበትና መኪናው በመሬት ላይ ሲቆም በሚይዘው ቦታ መካከል የ15 ዲግሪ ልዩነት አለ እንበል። የእምብርቱ ራዲየስ 12 ሚሊ ሜትር፣ የላስቲኩ ውፍረት 10 ሚሊ ሜትር ይሁን። 15 ዲግሪ 0.26 ራዲያን ስለሆነ የእምብርቱ ገጽ በ3.1 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል፤ ይህም ከላስቲኩ ውፍረት 31 በመቶ ነው። መኪናው ገና ሳይነዳ፣ ቆሞ በሚያድርበት ሌሊት እንኳ ላስቲኩ ይህን ያህል ተጠምዝዞ ያድራል። እግሩ በጉብታ ላይ ተጨማሪ 10 ዲግሪ ሲወጣ መጠምዘዙ 52 በመቶ ይደርሳል። መኪናው ቆሞ ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ ግን ያው ጉብታ 21 በመቶ ብቻ ባስከተለ ነበር። ላስቲክ የሚቀደደው በተደጋጋሚ በሚደርስበት የመጠምዘዝ መጠን ስለሆነ፣ የእኛዋ ቦኮላ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ለሞት የተዘጋጀች ነበረች።

ጠንካራ ላስቲክ ይሻላልን?

የፈጣን መኪና ባለቤቶች ላስቲኩን በፖሊዩሬቴን፣ ለውድድር ደግሞ በብረት ሉላዊ መጋጠሚያ መተካት ይወዳሉ። ግትርነት ስለሚጨምር መሪው ለእጅ ፈጥኖ ይታዘዛል፤ ፍሬን ሲያዝም ጎማው ብዙ አይሸሽም። ነገር ግን ከላይ ያየናቸው ሦስት ተግባራት እርስ በርሳቸው ይሻማሉ። የፖሊዩሬቴን ቦኮላ ብዙውን ጊዜ እንደ ላስቲኩ በመጠምዘዝ ሳይሆን በመንሸራተት ስለሚሠራ ልዩ ቅባት ይፈልጋል፤ ቅባቱ ሲያልቅ ይጮሃል። የመንገዱንም ንዝረት ወደ ውስጥ ያስገባል። ለውድድር ሜዳ የሚጠቅመው ሁሉ ለዕለት ጉዞ ይጠቅማል ማለት አይደለም።

ግትርነትን ከመጨመር ሌላ መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1991 በተመረተው የመጀመሪያው ኤም3 መሐንዲሶቹ የቦኮላውን ቀዳዳ ከመሐል ፈቀቅ አድርገው ሠሩት። ብራቾው በጥቂት ሚሊ ሜትር ቦታውን በመለወጡ ካስተሩ ጨመረ፤ መኪናውም በፍጥነት ሲነዳ ይበልጥ የረጋ ሆነ። ይህም የቦኮላዋ ቦታና ቅርጽ ከጥንካሬዋ ያላነሰ ዋጋ እንዳለው ያሳየናል።

ማጠቃለያ

ይህ ሁሉ ለፈጣን መኪና ብቻ የሚሠራ አይደለም። በአገራችን መንገዶች ላይ በሚመላለሱት መኪኖችም እግር ሥር የላስቲክ ቦኮላዎች አሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖችም ቢሆኑ ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ እንዲያውም ሞተራቸው ድምፅ ስለማያሰማ ያረጀ ቦኮላ ይበልጥ ይታወቅባቸዋል። አንባቢ በአቅራቢያው ወዳለ ጋራዥ ጎራ ብሎ ተቀይራ የተጣለች ቦኮላ ቢለምን፣ በዚህ ጽሑፍ ያነሣናቸውን ስንጥቆች በዓይኑ ሊያይ ይችላል። ቦኮላ ለማስቀየር የሄደ ደግሞ መካኒኩን «መኪናው በእግሩ ቆሞ ነው የሚጠብቀው?» ብሎ ይጠይቅ። እኛ ሁለት የፊዚክስ ተማሪዎች ሳንጠይቀው የቀረነው ጥያቄ ይህ ነበር።

ለአንባብያን የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በምሳሌያችን የእግሩ ግትርነት ከጤነኛው ወደ ሩብ ቢወርድ ሬዞናንሱ በስንት ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ይመጣል?

2. ተፈጥሯዊ ድግግሞሹ 13.8 ሄርዝ ሆኖ የጎማው ዙሪያ 1.8 ሜትር ቢሆን መልሱ እንዴት ይለወጣል?

3. አንዲት የላስቲክ ኳስ በክፍል ሙቀት፣ ከዚያም ለአንድ ሰዓት በማቀዝቀዣ ውስጥ ካቆያችኋት በኋላ ከ1 ሜትር ከፍታ ልቀቋት። የነጠረችበትን ከፍታ ለኩ። ከውጤቱ በመነሣት፣ የአንድ ቦኮላ ጠባይ በቀዝቃዛ ማለዳና በሞቃት ቀትር አንድ ሊሆን ይችላልን?